መጠይቁን አብረን እናርመው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣችሁ ተመራማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ለዓመታት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው የእግር እብጠት በሽታ መጠይቅ ይዤ ከቤት ቤት ዞሬያለሁ። አንዱ ጥያቄ «ጫማ አለዎት?» ይላል። «አለኝ» ያለኝን ሰው ምልክት አድርጌ አልፋለሁ። አንድ ቀን ግን አንድ አባት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ምን ብለህ ጻፍክ? የእኔ ጫማ እኮ የቤተ ክርስቲያንና የገበያ ነው። ሳርስ ጭቃው ይይዘኛል፣ አላደርገውም» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ፖዶኮኒዮሲስ ዝሆኔ ብለን ከምንጠራቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ነው። ይህኛው በትንኝ አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እርግማንም አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፣ በእርግማን ስም ስንት ልጃገረድ ሳታገባ ቀርታለችና። የሚመጣው ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ነው። ታዲያ አፈሩ የሚረገጠው የት ነው? እርሻ ላይ! እኔ ግን «ጫማ አላቸው» ብዬ ልሄድ ነበር። ከእኔ መጠይቅ የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር በለጠ።

በዚያ ላይ ያበጠ እግር የገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም። ይህንንም የነገሩን ታማሚዎቹ ናቸው።

እዚሁ ዞናችን፣ አነደድ ወረዳ፣ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሂዷል። ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ ሕክምናው ይኸው ነው። ሕክምናውን ወዲያው በጀመሩት ላይ በሽታው የሚያስነሳው ትኩሳትና ሕመም በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ ተነሳ። ተራቸውን በሚጠብቁት ላይ 24 ጊዜ ገደማ። ወደ አምስት ጊዜ የሚጠጋው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በአጨዳ ሰሞን አልጋ ላይ ለሚውል ገበሬ ግን ትንሽ አይደለም።

ጥናቱ የወጣው በእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። ጥሩ ነው፣ ዓለም ይወቀው። ግን ሳሙናና ፋሻ የሚገዛው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ እግር ማጠብ የምታስተምረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ውኃውን ከምንጭ በጀርባዋ የምታመጣው እናት ይህን ቁጥር በአማርኛ መስማት አለባቸው። ሲሰሙ ደግሞ «ውኃው ከየት ይምጣ?» ብለው ይጠይቁናል። የሚቀጥለው ጥናት መነሻ መሆን ያለበት ይህ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

ተመራማሪ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ ገና ስታቅዱ ኑ። መጠይቁ ከታተመ በኋላ የሚጠራ ገበሬ ምን ሊያስተካክል ይችላል? ስትጨርሱም ተመልሳችሁ ኑ። ቦታ አይቸግርም፤ ሰንበቴው አለ፣ እድሩ አለ።

ከእኛ እንጀምር። የአዲሱን ጥናት ጥያቄዎች ዛሬ ይዘናል። ከቡና በኋላ አንድ በአንድ ጮክ ብለን እናነባለን። አባቶችና እናቶች፣ ትክክል ያልመሰላችሁ ላይ አስቁሙን። እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሰርዝ ያላችሁኝን እሰርዛለሁ።