ዝርዝሩ ይውጣ
(በደሴ ለረሃቡ ሙታን መታሰቢያ በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ሼሆችና ቀሳውስት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

አዘጋጆቹ አስር ደቂቃ ነው ያለህ ብለውኛል። ጡረታ ለወጣ አስተማሪ አስር ደቂቃ ስም መጥሪያ እንኳ አትበቃም። ግን ልሞክር። በወረቀት የጻፍኩትም በቃሌ ከጀመርኩ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው።

ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ የማወራውን ታውቁታላችሁ። ለልጆቹ ስል ታገሱኝ።

በ1965 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከቆቦ በላይ፣ ተራራው ጥግ ነበር። የ1964 ክረምት ከዳን። በልጉም ሳይመጣ ቀረ። አባቴ መጀመሪያ ፍየሎቹን ሸጠ። ቀጥሎ አንዱን በሬ። ሁለተኛውን ሲነዳ እናቴ ደጅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዋጋውም ርካሽ ነበር፤ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ማን ይግዛ? በሬውን የሸጠ ገበሬ ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው አላስረዳም። ጎጆውን ዘግተን ወደ መኪናው መንገድ ወረድን።

መንገዱ ዳር የገበያ ቀን ይመስል ነበር፤ የሚሸጥ ነገር የሌለበት ገበያ። አውቶቡስ ሲመጣ ሰዉ መሀል መንገድ ገብቶ ያስቆማል። ተሳፋሪ በመስኮት ዳቦ ይወረውራል። አንድ ቀን ግማሽ ዳቦ ቀለብኩ። እናቴ ጀርባ ላይ ለታዘለችው እህቴ ቆርሼ አፏ ውስጥ አደረግኩላት። አላኘከችውም። እናቴ «ያዘው፣ በኋላ ትበላዋለች» አለችኝ። እስኪመሽ ድረስ በእጄ ይዤው ዋልኩ። ማታ እኔ በላሁት።

የቀበሯትን ሰዎች አላውቃቸውም። ጉድጓዱ ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያው ነው። የሰገደበትም የፈታበትም የለም። ስሟን ዛሬ አልጠራላችሁም። ምክንያት አለኝ።

በዚያው መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና ሲያልፍ አይቻለሁ። ልጅ ስለነበርክ ነው ትሉኝ ይሆናል። አማርትያ ሴን የሚባሉ ህንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ የዚያን ጊዜውን የደሴ ገበያ መርምረዋል። የእህል ዋጋ ያን ያህል አልጨመረም ነበር። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። ያጣነው መግዣውን ነው። ቆላ ያሉት የአፋር ወንድሞቻችን ደግሞ አዋሽ ዳር ያለው ግጦሻቸው ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር። ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ አዲስ አበባ አንድ መስሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ጋሼ፣ ድርቁን ማለትዎ ነው?» አለኝ። «ረሃቡን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መዝገቡ ላይ ጻፈ። አንገቴን አስግጌ አየሁት። «የድርቅ ተጎጂዎችን ይመለከታል» ይላል።

ድርቅ! ገዳዩ ሰማይ ነው ማለት ነው! ሰማይ አይከሰስ፣ ሰማይ ይቅርታ አይጠይቅ! ዝናብ ያስቀረውስ ሰማይ ነው እንበል። የግብርና ሚኒስቴር አዝመራው መጥፋቱን አጥንቶ ሲያበቃ ወሬውን ያፈነው ማነው? እርዳታ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ የተጓዘውን ገበሬ በፖሊስ የመለሰውስ ሰማይ ነው?

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ከእኛ ረሃብ በፊትም በ1958 ወሎ ተርቦ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እንደጻፉት፣ ወሬው አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ንጉሡ ጆሮ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ከሚኒስቴሩ እስከ ቤተ መንግሥት ስንት እርምጃ ነው? ሽባም ቢሆን ይደርስ ነበር! ጃንሆይ አንድ ነገር አድርጉ ብለው ሲያዙ ሚኒስቴሩ ምን አደረገ? የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ላኩ ብሎ ወሎን ጠየቀ።

ብዙ ጊዜ በዚህ ነገር ስቄያለሁ፣ የመረረ ሳቅ። አሁን ግን አልስቅም። እሺ፣ ዝርዝሩ የት አለ? በእኛ ጊዜ ወሎ ውስጥ የሞተውን አንዱ 40 ሺህ ይላል፣ ሌላው 200 ሺህ። መሀል ላይ 160 ሺህ ሰው አለ። እነዚህ ሰዎች ተወልደዋል ወይስ አልተወለዱም?

ሙታኑ ያስፈለጉት መክሰሻ ለመሆን ብቻ ነው። በ1967 የእንቁጣጣሽ ማታ ደርግ እንግሊዞች ስለ ረሃባችን የሰሩትን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀጣጥሎ በቴሌቪዥን አሳየ። በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የንጉሡን ባለሥልጣናት ጥፋት የሚያጣራው መርማሪ ኮሚሽን ስራውን ሳይጨርስ፣ ደርግ ኅዳር 14 ባለሥልጣናቱን ረሸነ። ፍርድ ቤት ቀርበው ቢሆን ማን ምን እንዳፈነ እንሰማ ነበር። አስር ዓመት ሳይሞላው ደርግ ራሱ ያንኑ ሰራ። የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ጩኸቱን አሰምቷል። መስከረም 1977 ላይ ግን አገሩ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብር ነበር፣ ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ።

«ወሎን በረሃብ ስም መጥራት ይብቃ» የምትሉ ወጣቶች አላችሁ። ይገባኛል። እኔም አስተማሪ ሆኜ ሌላ ክፍለ ሀገር ስመደብ ቀልዱ ደርሶብኛል። ግን ማፈር ያለበት የተራበው ነው እንዴ? ያስራበው አላፈረም፣ እኛ ለምን አንገታችንን እንደፋለን?

ጥያቄያችን ረጅም አይደለም። ፓርላማው የ1958ቱን፣ የ1965ና 66ቱን፣ የ1977ቱን እልቂት በስሙ ይጥራ፤ መንግሥት እያወቀ የደበቀው ረሃብ ነው ይበል። ዩክሬኖች ስታሊን ላስራባቸው ወገኖቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በፓርላማ ሕግ አውጥተዋል። የመታሰቢያ ቀን ይቆረጥ። የየመስሪያ ቤቱ መዝገብ ይከፈት። የመቃብሮቹ ቦታ ይታጠር፣ ቢያንስ አይታረስ። ሌላውን ደብዳቤው ላይ ታገኙታላችሁ፣ አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው።

ያ ሚኒስቴር የጠየቀውን ዝርዝር እኛ እንጀምረዋለን። በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ አንድ መዝገብ አለ። የሞተባችሁን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ ጻፉ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእህቴን ስም ዛሬ ጠዋት ጽፌዋለሁ። ቡናው እስኪፈላ እዚያው ነኝ።