የጋብቻ ዓመታችሁን በባቡር፦ 4 ከተማ፣ 12 ሌሊት፣ 1 የማይነካ ቀን

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ቪዲዮ ለሁለት ሰው ነው። ብቻችሁን የምታዩ ካላችሁ አሁኑኑ አቁሙትና የትዳር አጋራችሁን ጥሩ። መሃል ላይ አብራችሁ የምትወስኑት ነገር አለ። ጉዞውን ብቻውን የወሰነ ሰው፣ በኋላ ሻንጣውንም ብቻውን ይሸከማል!

እሺ። የጋብቻ ዓመታችሁን አውሮፓ ውስጥ ከከተማ ከተማ በባቡር እየተዘዋወራችሁ ልታከብሩ አስባችኋል። ግሩም ሐሳብ ነው። በመኪና ብትሄዱ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ መንገድ ያሳያል፣ ከዚያ መንገዱ ሲጠፋ ጭቅጭቅ ይመጣል። ባቡር ላይ የሁለታችሁም እጅ ነፃ ነው፤ በአንድ መስኮት ነው የምታዩት። ለሁለት ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዞ ያለ አይመስለኝም።

ምሳሌ እንዲሆነን አንድ መስመር እንያዝ። ፕራግ፣ ቪየና፣ ቬኒስ፣ ሮም። ፕራግ 3 ሌሊት፣ ቪየና 3 ሌሊት፣ ቬኒስ 4 ሌሊት፣ ሮም 2 ሌሊት። በድምሩ 12። ልብ በሉ፣ ቀን አላልኩም፣ ሌሊት ነው ያልኩት። በቀን ስትቆጥሩ አንዳችሁ የመድረሻውን ቀን ትቆጥራላችሁ፣ አንዳችሁ ትተዉታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሆቴሉ ሒሳብ አንድ ሌሊት ይጎድላል። ሌሊት ቁጠሩ። ሁልጊዜ ሌሊት።

[ካርታው ይታያል፤ 4ቱ ከተሞች በመስመር ይገናኛሉ]

አሁን የምወደውን ንጽጽር ላምጣ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሸማኔ ሲሠራ አይታችኋል? መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲወረውር ስታዩት ሥራው ያ ብቻ ይመስላችኋል። አይደለም። ከባዱ ሥራ እሱ ከመቀመጡ በፊት አልቋል። ድሩ ደርቷል። ቁመቱ ተለክቷል፣ ክሩ ተወጥሯል። ማጉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ማግ ቢበጠስ ይቀጠላል። ቀለሙን ልቀይር ቢል ይቀይራል። ድሩን ግን ከተወጠረ በኋላ ላስረዝምህ፣ ወዲያ ላዙርህ አይሉትም። ካሉት ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው።

የእናንተም ጉዞ ድርና ማግ አለው። ድሩ ምንድን ነው? ቪዛ፣ የመግቢያና የመውጫ በረራ፣ በየከተማው የምታድሩት ሌሊት፣ ረጃጅሞቹ ባቡሮች። በቃ። ማጉ ሌላው ሁሉ ነው፤ ሙዚየሙ፣ እራቱ፣ የጀልባ ሽርሽሩ፣ ድንገት ደስ ብሏችሁ የምትቀመጡበት አደባባይ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከማጉ ነው። ቪየና ውስጥ የኦፔራ ትኬት አየ፣ ደስ አለው፣ ገዛ። ከዚያ ያንን ቀን ለማሟላት በረራውን ያጣምማል፣ ቬኒስን ከ4 ሌሊት ወደ 1 ያወርዳል። ማግ ድርን ሲጎትት ሸማው ይጨማደዳል።

ጥለቱስ? ጥለቱ የበዓላችሁ ቀን ነው። ሸማኔ ጥለቱ የት ላይ እንደሚወድቅ ገና ድሩን ሲዘረጋ ያውቀዋል፤ በተረፈ ክር ጥለት አይሠራም። እናንተም መጀመሪያ የምታስቀምጡት እሱን ነው። የእኔ ደንብ ይሄ ነው፣ እባካችሁ ያዙት፦ በበዓላችሁ ቀን ባቡር የለም። ሆቴል መልቀቅም፣ ሆቴል መግባትም የለም። ከበዓሉ በፊት ባለው ሌሊትም፣ በበዓሉ ሌሊትም እዚያው ከተማ ታድራላችሁ።

እንቁጠር። በዓላችሁ ወሩ በገባ በ20 ነው እንበል። በዓሉ ቬኒስ ላይ ይውላል። ቬኒስ በ18 ትደርሳላችሁ። 19 ሙሉ ቀን መጠባበቂያ ነው፤ ባቡር ቢሰረዝ፣ የሥራ ማቆም አድማ ቢመጣ፣ አንዳችሁን ጉንፋን ቢይዛችሁ የሚበላው 19ን እንጂ 20ን አይደለም። ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ቪየና በ15፣ ፕራግ በ12። ወደ ፊት ቁጠሩ፦ ከቬኒስ በ22 ትወጣላችሁ፣ በ24 ከሮም ትበራላችሁ። በረራውን በፕራግ ገብታችሁ በሮም እንድትወጡ አድርጋችሁ በአንድ ትኬት ግዙ። ደርሶ መልስ ፕራግ ብትገዙ ከሮም ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ ይሄዳል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ይህን ሰንጠረዥ ባዶውን ከቪዲዮው ሥር አስቀምጫለሁና አብራችሁ ሙሉት፤ ደወሏንም ንኩ። እንቀጥል።

ቪዛ፣ በፍጥነት። ቼክ፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያን ሦስቱም ሼንገን፣ ማለትም የጋራ ቪዛ ያላቸው አገሮች ናቸው። ፓስፖርታችሁ ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ አንዱ ቪዛ ለሦስቱም ይበቃል። የምታመለክቱት ግን መጀመሪያ ለምትረግጡት አገር አይደለም፣ ብዙ ለምታድሩበት ነው። ቼክ 3፣ ኦስትሪያ 3፣ ጣሊያን 4 ሲደመር 2፣ 6። ስለዚህ ጣሊያን። እኩል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትገቡበት ይሆን ነበር። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቻላል፣ የመጨረሻው ገደብ 15 ቀን ሲቀረው ነው፤ እናንተ ግን ገደቡን አትጠብቁ። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ለየራሳችሁ ያስፈልጋል። «መሃል ላይ ለንደን ደርሰን እንመለስ» የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። እንግሊዝ ሼንገን አይደለችም። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ለንደን ከሄዳችሁ መመለሻ የላችሁም።

አሁን ወደ ባቡሩ ትኬት ልገባ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ማለፍ አልቻልኩም። ኮሜንት ላይ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ፓስ ከገዛን እኮ ያገኘነው ባቡር ላይ እንገባለን፣ መቀመጫ ለምን እንይዛለን?» ይህ ነገር የብዙ ጥንዶችን ቀን ስለሚያበላሽ፣ ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

ፓስ ማለት አንዴ ገዝታችሁ በብዙ ባቡር የምትሳፈሩበት ትኬት ነው። ስሙ ዩሬይል ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ። አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ ስሙ ኢንተርሬይል ይባላል። ሁለቱም በ33 አገር ይሠራሉ። የሚሰጣችሁ ምንድን ነው? የመሳፈር መብት። መቀመጫ አይደለም። መብትና መቀመጫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደግሜ ልበለው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች!

ጀርመን፣ ኦስትሪያና ቼክ ውስጥ በአብዛኛው ባቡር ያለ መቀመጫ መሳፈር ሕጋዊ ነው። ባዶ ወንበር ካገኛችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ካላገኛችሁ ኮሪደር ላይ ትቆማላችሁ። ከወንበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን አንብቡ፤ ከየት እስከ የት እንደተያዘ ትነግራችኋለች። ጣሊያን ውስጥ ፍሬቻሮሳ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቴጄቬ፣ ስፔን ውስጥ አቬ በሚባሉት ፈጣን ባቡሮች ላይ ግን መቀመጫ ግዴታ ነው። ፓስ እያላችሁ ለየብቻ ትከፍላላችሁ፣ ካልከፈላችሁ ትቀጣላችሁ። ኢታሎ የሚባለው የጣሊያን ፈጣን ባቡር ደግሞ ፓሱን ጨርሶ አይቀበልም። ሌላም አለ። ለሁለት አንድ ፓስ የለም፣ ለየራሳችሁ ነው። በስልክ ከሆነም ከመሳፈራችሁ በፊት እያንዳንዱን ባቡር አፑ ላይ ማስገባት አለባችሁ። ያላስገባ ሰው ትኬት እንደሌለው ይቆጠራል።

ታዲያ ፓስ ይሻላል ወይስ ነጠላ ትኬት? እኛ የባቡር ቀናችን 3 ብቻ ነው። ትንሹ የ33ቱ አገር ፓስ 4 የጉዞ ቀን ነው፤ አንዱ ቀን ተከፍሎበት ይቀራል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ዝግ ያለ ጉዞ ነጠላ ትኬት፣ ቀደም ብሎ። ፓስ የሚጠቅመው በየቀኑ ከተማ ለሚቀይርና ቀኑን መወሰን ለማይፈልግ ሰው ነው።

ነጠላ ትኬት የገዛችሁም አልተረፋችሁም! ከፕራግ ቪየና፣ ከቪየና ቬኒስ በርካሹ ትኬት ላይ መቀመጫ በራሱ ላይካተት ይችላል። በጥቂት ዩሮ የምትጨምሩት ነው፤ ጨምሩት። ሁለታችሁንም በአንድ ግዢ ያዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ አንዱ ፉርጎ 23 ሌላው ፉርጎ 27 ሊሆን ይችላል። የመቀመጫውን ካርታ ከፍታችሁ ምረጡ፤ ጎን ለጎን ወይስ ፊት ለፊት? ይህ ነው አብራችሁ ወስኑ ያልኳችሁ። ሬይልጄት በሚባለው የኦስትሪያ ፈጣን ባቡር ላይ የጸጥታ ክፍል አለ፣ ማውራት የምትወዱ ጥንዶች እዚያ አትያዙ። እዚያው ባቡር ላይ ቢዝነስ የሚባለው ከአንደኛ ማዕረግ በላይ ነው፣ ስሙ እንዳያደናግራችሁ። «ወደ ፊት ፊቴን ካላዞርኩ ያቅለሸልሸኛል» የሚል ካለ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከቬኒስ ሮም የሚሄደው ባቡር ፍሎረንስ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገብቶ አቅጣጫ ቀይሮ ነው የሚወጣው። ፊቱን አዙሮ የጀመረ ከፍሎረንስ በኋላ ጀርባውን ይሰጣል። እዚያ ላይ ቦታ ተለዋወጡ።

እሺ፣ ወደ ቴክኒኩ። በፍጥነት፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁና። ቀጥታ ባቡር ካለ ቀጥታውን። ፕራግ ቪየና ወደ 4 ሰዓት፣ ቪየና ቬኒስ ወደ 7 ሰዓት፣ ቬኒስ ሮም ወደ 4 ሰዓት፤ ሦስቱም ቀጥታ አላቸው። የግድ መቀየር ካለባችሁ መንገዱን ሁሉ በአንድ ትኬት ግዙ። በአንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኃላፊነቱ የባቡሩ ድርጅት ነው፤ በሁለት ትኬት ከሆነ የእናንተ። መድረሻችሁ ላይ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገያችሁ የትኬቱ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ ይመለሳል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። በጀርመን በኩል የምታልፉ ከሆነ በሁለት ባቡር መካከል አንድ ሰዓት ተዉ። በ2024 ከጀርመኑ የባቡር ድርጅት ከዶይቸ ባን ረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ «በሰዓቱ» ማለት ደግሞ እዚያ ከ6 ደቂቃ ያነሰ መዘግየትን ይጨምራል። ርካሹ ትኬት ገንዘቡ አይመለስም፣ ለሌላ ባቡርም አይሠራም። ስለዚህ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይመታ እሱን አትግዙ። ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም ሁሉን ከማጣት ይሻላል። ከፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ በኋላ የሚነሣ ባቡር ፈልጋችሁ ምንም ካልመጣ አትደንግጡ፤ የአውሮፓ የጊዜ ሰሌዳ በየዓመቱ በዲሴምበር በሁለተኛው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ይቀየራል፣ አዲሱ ገና አልተጫነም ማለት ነው። የጊዜ ሰሌዳው ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት፣ ከ00:00 ጀምሮ ነው፤ በ20 «00:15» የሚል ባቡር ካያችሁ ጣቢያ የምትሄዱት በ19 ማታ ነው።

ጣቢያ ላይ። ከተሞቹን በራሳቸው ቋንቋ ፈልጉ። ቪየና ቪን ነች፣ ፕራግ ፕራሃ፣ ቬኒስ ቬኔዚያ። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው የባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ከፕራግ ቪየና የሚሄደው ባቡር «ግራትስ» ሊል ይችላል፤ ሮም የሚሄደው «ናፖሊ» ሊል ይችላል። የባቡሩን ቁጥር አመሳክሩ። ከዚያ የፉርጎውን ቁጥር። አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ የተሳሳተ ፉርጎ ላይ ያለ ሰው ሌላ አገር ይደርሳል። የጣሊያኑ «ቢናርዮ»፣ የጀርመንኛው «ግላይስ» የምትሳፈሩበት መስመር ነው።

ሻንጣ የሚያነሣላችሁ የለም። ለየራሳችሁ አንድ ትልቅ፣ አንድ የጀርባ። ትልቁን ብቻችሁን ሦስት ደረጃ ማውጣት ካልቻላችሁ ከብዷል፣ ቀንሱ። ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም፣ አብዛኛው ድልድይ ደረጃ ነው፤ ሆቴል ስትይዙ ከጣቢያው ስንት ድልድይ እንዳለ ጠይቁ።

ከቪየና ቬኒስ ቀን ላይ ሂዱ፣ ሌሊት አይደለም። መንገዱ በዜመሪንግ ተራራ ላይ ያልፋል። በ1854 የተከፈተ፣ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የባቡር መስመር ነው፤ ይህን ተኝቶ ማለፍ ያሳዝናል። መጨረሻ ላይ ሜስትሬ የሚባል ጣቢያ ይመጣል፤ ሙሉ ስሙ «ቬኔዚያ ሜስትሬ» ነው። ስሙ ላይ ቬኔዚያ ስላለ ሰው ይወርዳል። አትውረዱ! ሜስትሬ የብሱ ላይ ነች። ባቡሩ ከዚያ ወጥቶ በውኃው ላይ ወደ 4 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው፣ በ1846 በተከፈተው ድልድይ ላይ ይሄዳል፤ ግራ ቀኝ ውኃው ይታያል። የምትወርዱት «ሳንታ ሉቺያ» ነው። ከጣቢያው በር ስትወጡ ፊት ለፊታችሁ ታላቁ ቦይ አለ፣ ደረጃው ላይ ሻንጣችሁን አስቀምጡና ትንሽ ቁሙ።

በ22 ወደ ሮም ከመነሣታችሁ ከሁለት ቀን በፊት «ሾፔሮ» የሚለውን ቃል ከቀኑ ጋር ፈልጉ፤ የሥራ ማቆም አድማ ማለት ነው። ጣሊያን ውስጥ አስቀድሞ ይታወጃል፣ የጣሊያኑ የባቡር ድርጅት ትሬኒታሊያም በአድማ ቀን የማይቀሩ የረጅም ርቀት ባቡሮችን ዝርዝር ያወጣል። የእናንተ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሂዱ፣ ከሌለ በዚያው ቀን ወዳለበት ባቡር እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። ሮም ላይ መውረጃችሁ «ቴርሚኒ» ነው፤ «ቲቡርቲና» ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፣ እሱን እለፉት።

የበዓላችሁን ቀን አሁን ካላንደር ላይ ክበቡት፣ 8 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፣ የመነሻ ቀናችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ የሌሊት ባቡር መኝታ ክፍሎችን አንድ በአንድ እናያለን፤ ለሁለት ሰው ብቻ የሚዘጋውን 6 ሰው ከሚጋራው እንዴት እንደምትለዩ።