ባለቤቱ የራቀ ቡና፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ እናቶች፣ ከጣና ዳር ከዘጌ መንደሮቻችን፣ ከዑራም ከይጋንዳም ከአፋፍም የመጣችሁ ወገኖች፣ ከባሕር ዳር በጀልባ የተሻገራችሁም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ለቡራኬው አባቶቻችንን እናመሰግናለን። የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያነቡላችኋል፤ ችግኝ ተፈልቷል፣ እምቦጭ ነቅለናል፣ የእግር መንገዱም ተጠግኗል። ደስ ይላል። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ጫካው እየሳሳ ነው። አያቶቻችን በገዳሙ መሥራች በአቡነ በትረ ማርያም ግዝት ዘጌ ላይ በሬ ሳይጠምዱ፣ በቡናና በጌሾ ኖረዋል። ቡናችን የጥላ ቡና ነው፤ ዋንዛው ወይም ብርብራው ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ቡና ፀሐይ ይመታዋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ሳይሞላ ይረግፋል። ከኮሚቴው ጋር ስንዞር ጉቶ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ አገኘን። ገለጥ ሳደርገው ገና እርጥብ ነው።

ማን ቆረጠው? የዑራው በአፋፉ፣ የአፋፉ በዑራው ሲያሳብብ ስብሰባው ሁሉ አለቀ። ማገዶ በታንኳ ጭኖ ባሕር ዳር በሚያደርሰው ላይ ጣት መቀሰርማ ቀላል ነው። ገዳማቱን የሚያይ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እንጨት ተሸክማ ልጆቿን የምታበላን እናት ለመክሰስ እኔ አፌ አይደፍርም። ጉቶው የበዛው ግን የት መሰላችሁ? ባለቤቱ ከተማ በገባበት ይዞታ ላይ።

እነዚህ ከተማ የገቡ ባለቤቶች ዛሬም የሉም። ሲደወልላቸው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላሉ፤ ይሄስ ስብሰባ አይደለም እንዴ? ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ቡና ሲለቀም በመጀመሪያው ጀልባ ትደርሳለህ፤ መዋጮ ሲባል ማዕበሉ ያስፈራሃል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው የሚኖሩበት፣ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ አጨብጭበን ነበር። ጭብጨባው ግን ጠባቂ አልቀጠረልንም። የጠባቂዎቻችን ደመወዝ ከሰኔ ወዲህ አልተከፈለም። አንደኛው ትናንት መጥቶ ዱላውንና ባትሪውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ተመለስ ልለው ምን አፍ አለኝ?

ስለዚህ መዋጮ የማይከፍል፣ ይዞታውንም የሚያይለት ሰው የማያቆም አባል ከችግኝ ድልድሉ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የራሴ ዘመዶችም አሉበት። የምትቃወሙ እዚሁ ፊት ለፊት ተናገሩ እንጂ ሻይ ላይ አታውሩት። ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ካልመጡት ስም ዝርዝር ይጀምሩልን።