ሞተር ሳይክልን በክሪክ አንስቶ ከፍ እንዳለ ማቆየት

(ምስል፦ በሲሚንቶ ወለል ላይ በጎን መቆሚያው የቆመ ሞተር ሳይክል፣ አጠገቡ ክሪክ)

ትረካ፦ ሞተር ሳይክልን በቤት ጋራዥ ውስጥ ከመሬት ማንሳት ያን ያህል የሚያስቸግር ሥራ አይደለም፤ የክሪኩን ፔዳል ጥቂት ጊዜ መርገጥ ይበቃል። ሥጋቱ የሚበረታው ከተነሳ በኋላ፣ ጎማ ሲወልቅ፣ የጠበቀ ዳዶ ሲፈታ ወይም ሰው ከሥሩ ሲያጎነብስ ነው።

የመሣሪያ ምርጫውን በአጭሩ እንለፈው። ካቴና ለማጽዳት ወይም የኋላ ጎማ ለማውለቅ የኋላ ማቆሚያ ብረት ይበቃል፤ የመሃል መቆሚያ ያላቸው አነስተኛ የሥራ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ይህንንም ላይፈልጉ ይችላሉ። ሻሲውን ከሥር የሚያነሳው ክሪክ የሚያስፈልገው ሁለቱንም ጎማዎች ከመሬት ማላቀቅ ሲፈለግ ነው። «2 ቶን የሚያነሳ የመኪና ክሪክ አለኝ፤ 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል ምን ያቅተዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ክብደቱስ አያቅተውም። ነገር ግን መኪና በሦስት ጎማዎቹ ቆሞ አንድ ጥጉን ብቻ ሲያስነሳ፣ ሞተር ሳይክል ሙሉ ሚዛኑን በዚያች ጠባብ የክሪክ ራስ ላይ ይጥላል። ለሞተር ሳይክል የተሠራው ክሪክ የተራራቁ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉት ለዚህ ነው። እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝን ከሆነ ግን፣ በክሪኩ ላይ የተጻፈውን የመሸከም አቅም ነዳጁና ሻንጣው ከተጨመሩበት ክብደት ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

(ምስል፦ ከሥር የታየ ሻሲ፤ የዘይት ኮፓውና ማርሚታው በቀይ ተከብበዋል)

ትረካ፦ የክሪኩ ክንዶች የሚያርፉት በሻሲው ብረቶች ላይ ነው። የዘይት ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሊሰነጠቅ፣ ማርሚታም (የጭስ ማውጫው) ሊጨማደድ ስለሚችል ሁለቱም ክብደት መሸከም የለባቸውም። ከሞተሩ ሥር የሻሲ ብረት የሌላቸው ሞተር ሳይክሎችም ስላሉ፣ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የተመለከተውን የማንሻ ቦታ ሳያዩ ክሪክ አያስገቡ። ወለሉ ጠንካራና ለጥ ያለ ይሁን፤ በአፈር ወይም በጠጠር ላይ የክሪኩ ትናንሽ ጎማዎች ይሰምጣሉ።

የጠበቁ ዳዶዎችን የሚያላሉት ሞተር ሳይክሉ መሬት ላይ እንዳለ ነው። በብዙ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች የኋላ ጎማ ዳዶ የሚጠብቀው በ100 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። ግማሽ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ሲፈታ እጅዎ በቁልፉ ጫፍ ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያሳርፋል ማለት ነው፤ ዝጎ የተጣበቀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ጫና በክሪክ ላይ የቆመውን ሞተር ሳይክል ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ሩብ ዙር ያህል ያላሉት፤ ማውለቁ ከተነሳ በኋላ ይደርሳል።

(ምስል፦ የክሪኩ የብረት መቆለፊያ በቅርበት፤ እጅ ወደ ቦታው ሲያስገባው)

ትረካ፦ የሃይድሮሊክ ክሪክ ክብደቱን የሚሸከመው በታመቀ ዘይት ነው፤ ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው ደግሞ በፒስቶኑ ዙሪያ የተገጠመ የጎማ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲያረጅ ዘይቱ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ክሪኩም ሳይታወቅ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሚፈለገው ከፍታ ላይ ሲደርሱ የብረት መቆለፊያውን ያስገቡና ክብደቱ ከዘይቱ ወደ ብረቱ እስኪሸጋገር ድረስ ክሪኩን በጥቂቱ ያውርዱት። መቆለፊያ የሌለው ክሪክ ከሆነ፣ ሻሲውን በሚመጥን ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ሳይደገፍ ሥራ አይጀመርበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሚዛን ጉዳይ ነው። ሲነሳ ሚዛኑን ጠብቆ የቆመ ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማው ሲወልቅ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የፊት ጎማው ሲወልቅ ደግሞ ወደ ኋላ። ስለሆነም ከማውለቅዎ በፊት የሚከብደውን ጫፍ በእንጨት ይደግፉት፤ መሪውንም በሁለት የጭነት ማሰሪያ ቀበቶዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ወጥረው ከክሪኩ ጋር ይሰሩት። 20 ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ የሚቀመጠውም ከላይ በመሆኑ፣ ከባድ ሥራ ካለ ታንከሩ ሳይሞላ ቢሠራ ይመረጣል።

ካቴና ሲጸዳ ጎማው በእጅ ይዙር። ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ካቴናውን በጨርቅ መያዝ ጣት ያስቆርጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሞተር ሳይክሉ መውደቅ ከጀመረም ልያዘው አይበሉ፤ ለቅቀው ወደ ኋላ ይሽሹ። ከኋላዎ መሸሻ ቦታ መኖሩን ደግሞ ሥራ ሳይጀምሩ ያረጋግጡ።

(ምስል፦ ሞተር ሳይክሉ ቀስ ብሎ ሲወርድ)

ትረካ፦ ለማውረድ መጀመሪያ በጥቂቱ ከፍ አድርገው መቆለፊያውን ያስለቅቁ። ከሥሩ ቁልፍ፣ እግር ወይም ሕፃን አለመኖሩን አይተው የማውረጃውን ቫልቭ በዝግታ ይክፈቱ። ጎማዎቹ መሬት ሊነኩ ሲሉ የጎን መቆሚያውን ይዘርጉ፤ መሪውን በሁለት እጅ የሚይዝ ሌላ ሰው ቢኖር መልካም ነው። ቀበቶዎቹ የሚፈቱት ሞተር ሳይክሉ በራሱ መቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።