ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አልተናገርኩም

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ከመኪናዬ ውስጥ ነኝ። "ስቱዲዮ እንሠራልሻለን" ያላችሁ ሰዎች፣ መዋጮው የት እንደደረሰ እናንተው ንገሩኝ። ሰውየው፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ ልጆቹን አስተኝቷል፤ አለቃዬ የምላት ልጄ ግን እንደ ልማዷ መስኮት ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ጣሪያው ላይ የሚንኳኳው ዝናብ ነው፤ ማይክሮፎኑ አይደለም። ማይክሮፎኑ ዛሬ ጨዋ ሆኗል።

ባለፈው ዝግጅት እዚህ ቨርጂኒያ ስለነበረው የትምህርት ቦርድ ስብሰባ "ደህና ነበር" ብዬ አልፌ ነበር። ደህና አልነበረም። ቦርዱ ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ ነኝ።

እማማን ታውቋቸዋላችሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን፣ በየፋሲካው ድፎ ዳቦ የሚልኩልንን። የልጅ ልጃቸውን ለብቻቸው ነው የሚያሳድጉት። እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የተመደቡት መምህራን ይቀነሱ የሚል ሐሳብ በጀቱ ውስጥ መግባቱን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የተመደበው አስተርጓሚ ቀረ። በር ላይ ያለችው ሴት ዞር ዞር ብላ ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች፤ አስተርጓሚ ሆንኩ። ለራሴ የተመዘገብኩበት ሦስት ደቂቃ ነበረኝ፤ ወረቀቴንም አዘጋጅቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ልጠቅስ ነበር። ልጁ ቋንቋውን ካልሰማ፣ ተመሳሳይ መጽሐፍና ተመሳሳይ መምህር ስለተሰጠው ብቻ እኩል ተምሯል አይባልም የሚለውን። ጥሩ ወረቀት ነበር። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እማማ ማይክሮፎኑን አልተጠጉም፤ ማይክሮፎኑ ወደ እርሳቸው እንዲመጣ የጠበቁ ይመስል ነበር። ተናገሩ የሚለው አረንጓዴ መብራት በራ። እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየሰማሁት ነው።

"እኔ ልለምናችሁ አልመጣሁም። ልጁ እዚህ ነው የተወለደው፤ እንግዳችሁ አይደለም። ድርሻውን ነው የምጠይቀው። ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ወገቤ ተቆርጧል፤ ከደመወዜ ግብር ስትቆርጡ አስተርጓሚ አምጪ አላላችሁኝም።"

እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ምን አልኩ? ስለምታደርጉልን ሁሉ በጣም እናመሰግናለን አልኩ። የልጅ ልጃቸው ትምህርት እንደሚያሳስባቸው ተናገርኩ። የሚቻል ከሆነ ድጋፉ ቢቀጥል ደስ ይለናል አልኩ። የግብሩን ነገር... ዘለልኩት። እንዳለ ዘለልኩት። አምስቱም የቦርዱ ሰዎች ፈገግ አሉ። አንዷማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ስንወጣ እማማ ክንዴን ያዙኝ። "ምን አልሽላቸው?" አሉኝ።

"ያሉትን ነው ያልኩት፣ እማማ።"

"እኔ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አልተናገርኩም።"

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን።

ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬ ነበር። "በሰው አገር" የሚባል ነገር አለ አይደል? ስንመጣ ከሻንጣችን ጋር ይዘነው የመጣን። በሰው አገር ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ በሰው አገር ምስጋና አስቀድም። እማማ ግን ከእኔ በፊት ነው የመጡት፤ እንግሊዝኛውም የላቸውም። ሻንጣውን የት ጥለውት እንደመጡ እንጃ።

በእኛው ቨርጂኒያ ፋርምቪል የምትባል ከተማ አለች። ከዚህ ሦስት ሰዓት ያህል ብትነዱ ነው። ባለፈው ዓመት ለሽርሽር ብዬ ቤተሰቡን ይዤ ሙዚየም ገባሁ ብዬ ነግሬያችሁ፣ ሰውየው "ይህ ሽርሽር ነው?" ያለውን አስታወሳችሁ? ያ ሙዚየም ድሮ የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ነበር፤ ሞተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1939 ለ180 ተማሪ ተሠርቶ በ1951 ከ450 በላይ ገቡበት። ቦታ ሲጠፋ በሬንጅ በተነከረ ወረቀት የተለበጡ ዛኒጋባዎች ግቢው ውስጥ ተሠሩ። ዝናብ ሲዘንብ ክፍል ውስጥ ጃንጥላ ይዘረጋ ነበር። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ይጠበሳል፣ ዳር ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል። ወላጆች አዲስ ሕንጻ ይጠይቃሉ፣ ቦርዱ ይታያል ይላል። ይህችን "ይታያል" እኛም በደንብ እናውቃታለን።

ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ሚያዝያ 23 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ርእሰ መምህሩ በስልክ ተታልሎ እንዲወጣ አደረገች። ተማሪዎችህ አውቶቡስ ጣቢያ ችግር ውስጥ ገብተዋል ተባለ፣ ሮጦ ሄደ። ከዚያ ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስባ ይዛ ወጣች። ሁለት ሳምንት አልተማሩም። መድረኩ አሁንም አለ፤ ትንሽ ነው፣ እንጨቱ ሲረገጥ ይጮኻል። አለቃዬ ወጥታ ቆመችበት። እኔ አልወጣሁም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ይህንን አይደለም። ልጆቹ በመጀመሪያ የፈለጉት ጥሩ ሕንጻ ነበር። ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን የተባሉት ጠበቆች ሲመጡ ለሕንጻ አንከራከርም፤ ነጭና ጥቁር ተማሪ መለየቱ ራሱ ይቅር ብላችሁ ከከሰሳችሁ ግን አብረናችሁ አለን አሏቸው። አያችሁት? እባካችሁ ጣሪያ አድሱልን ከማለት ወደ ድርሻዬን ስጡኝ። እማማ ያለ ጠበቃ ነው እዚያ የደረሱት። እኔ ደግሞ መልሼ ወደ ጣሪያው አወረድኳቸው።

ክሱ እ.ኤ.አ. በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ባለበት፣ ብራውን በሚባለው ውሳኔ ውስጥ ከተካተቱት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ፤ አሸነፉ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አውራጃው ነጭና ጥቁር አብሮ ከሚማር ይቅር ብሎ በ1959 ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጀት ከለከለ። ሁሉንም ዘጋ። እስከ 1964 ድረስ፣ አምስት ዓመት! ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ለክፍያውም የመንግሥት ገንዘብ እርዳታ ተደረገ። ጥቁሮቹ ዘመድ ያለው ወደ ዘመድ ሄደ፣ ሌላው ቤት ቀረ። ሰባት ዓመቱ ላይ የተዘጋበት ልጅ ሲከፈት አሥራ ሁለት ሞልቶታል። ሂድና አንደኛ ክፍል ተቀመጥ ይባላል?

እና ሌሊት ላይ ሐሳቡ ይገለበጥብኛል። መብቴ ነው ሲሉ በሩ ተዘጋባቸው፤ ምናልባት ማለስለሴ ጥሩ ይሆን? ፈገግታ ካለበት ቤት በጀት ይገኝ ይሆናል? ይህንን ስል ራሴን ደስ አይለኝም። ግን አስቤዋለሁ፤ ካሰብኩት አይቀር ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እህቴ ይህንን ብትሰማ ትስቃለች። አዲስ አበባ ሁለት ልጆቿን የግል ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው፤ ደመወዟ እዚያው ያልቃል። "አንቺ እዚያ ሆነሽ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ተሟገቺ" ትለኛለች። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ መሆናቸው ሲነገር ቁጥሩን ቆርጣ ላከችልኝ፤ ምንም አልጻፈችበትም። ምን ልመልስላት? እኛ ሁለታችንም የፈረቃ ልጆች ነን፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ ከሰዓት በኋላ ስንገባ የጠዋቶቹ ሙቀት ወንበሩ ላይ አለ። እኔ እንኳን አለቃዬን ወደ ግል ላስገባት ብዬ ባለፈው ክረምት ቅጽ ሞልቻለሁ። አልላክሁትም። ግን ሞልቼዋለሁ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ሰውየው ይህንን የሚሰማ ከሆነ... ኋላ እንነጋገራለን።

ምን እያልኩ ነበር? የግብሩ ዓረፍተ ነገር። ልተረጉመው እኮ ቃሉ ነበረኝ። አልጠፋብኝም። አፌ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት፤ ምራቅ እንደመዋጥ ነው፣ ሳታስበው። ቀዩ መብራት እስኪበራ አርባ ሰከንድ ያህል ተርፎን ነበር። ዝም ብለን ቆምን።

ትናንት ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። በሚመጣው ሐሙስ ሌላ ስብሰባ አለ፤ እኔ ልምጣ ልላቸው አፌን ስከፍት "አትቸገሪ" አሉኝ። "ልጁ ይተረጉምልኛል።" ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የመምህሩ ነገር የተነሣው ለእርሱ ተብሎ። አትቸገሪ ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ ብስኩትም ሰጥተውኛል። ብስኩቱ እዚሁ ዳሽቦርዱ ላይ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ መብራቱ አልጠፋም። ከዚህ ይታየኛል። ልጁ የቤት ሥራ እየሠራ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ከእርሳቸው ጋር የሐሙሱን እየተለማመዱ... "ድርሻ" የሚለውን ምን ብሎ ይለው ይሆን? ወጥቼ ላንኳኳ ይሆን? አሁን ግን መሽቷል። አለቃዬም መስኮቱን እያንኳኳች ነው፤ ቆዩኝ፣ ምን እንደምትል—