የጤና ጉዳይ ድንበር ሲሻገር፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በ1986 በካናዳ ኦታዋ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀው የኦታዋ ቻርተር የጤና ማበልፀግን ሥራ፣ ማለትም ሰዎች ጤናቸውን እንዲቆጣጠሩና እንዲያሻሽሉ የማስቻልን ሥራ፣ በአምስት መስኮች ሲከፍል ለጤና የሚበጅ ፖሊሲን አንደኛ፣ የግለሰብን ክህሎት ማሳደግን አራተኛ አድርጎ ነበር። በብዙ ቦታ ግን የጤና ማበልፀግ በጀት ሲወጣ የሚታየው ፖስተርና በራሪ ወረቀት ነው። የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው፤ ትልልቆቹ ውጤቶቻችን የመጡት ከምክር ብቻ አይደለምና።

ትምባሆን ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2000 ከሦስት አዋቂዎች አንዱ ትምባሆ ይጠቀም ነበር፤ በ2022 ከአምስት አንዱ ሆኗል። ቀረጥ ጨመረ፣ ማስታወቂያ ታገደ፣ በሥራ ቦታና በምግብ ቤት ማጨስ ተከለከለ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ በ2003 ጸድቆ በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አለ። በዚህ ልንኮራ ይገባል።

ይሁንና ኡራጓይ የደረሰባትን አንርሳ። 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች ሀገር የማስጠንቀቂያ ሥዕሉና ጽሑፉ የሲጋራውን ፓኬት 80 በመቶ እንዲሸፍን ደነገገች። የሲጋራ አምራቹ ፊሊፕ ሞሪስ በስዊዘርላንድ ባሉት ኩባንያዎቹ በኩል በ2010 ከሰሳት። የክሱ መሠረት ኡራጓይና ስዊዘርላንድ የተፈራረሙት፣ የውጭ ባለሀብት መንግሥትን እንዲከስ የሚፈቅድ የኢንቨስትመንት ስምምነት ነበር። በ2016 ኡራጓይ ረታች። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በመካከሉ ያለፈው ስድስት ዓመት ነው። ክስን መፍራት ብቻውን ሕግ ያዘገያል፤ ኒውዚላንድም የኩባንያ አርማና ቀለም የሌለበትን የሲጋራ ፓኬት ለማስገደድ ያሰበችውን ሕግ፣ ይህንኑ ቀድማ በደነገገችው በአውስትራሊያ ላይ የተነሣው ክርክር ወዴት እንደሚያመራ ለማየት ስትል አቆይታው ነበር።

ለእንዲህ ያለ ክስ በር የሚከፍት የንግድና የኢንቨስትመንት ስምምነት ሲረቀቅ ከድርድሩ የሚቀመጡት የንግድና የሕግ ሰዎች ናቸው። የጤና ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ክስ ከመጣ በኋላ ነው። የውሉን አንቀጽ አንብቦ "ይህ ሐረግ ነገ የቀረጥ ሕጋችንን ያስከስሰናል" የሚል ሰው ከመካከላችን መውጣት አለበት።

የሚቀጥለው ፈተና በልጆቻችን እጅ ላይ ነው። አንድ ሀገር ጣፋጭ መጠጥ በልጆች የቴሌቪዥን ሰዓት እንዳይተዋወቅ ይከለክላል። ልጁ ግን ስልኩን ሲከፍት የሚያደንቀው ሰው ያንኑ መጠጥ እየሳቀ ሲጎነጭ ያያል። ቪዲዮው ማስታወቂያ መሆኑን የሚናገር ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ የተሠራው አንድ ሀገር፣ የሚሠራጨው በሌላ ሀገር ኩባንያ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማንን ይጠይቅ? ለትምባሆ ያለን ዓይነት አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለአልኮልም ሆነ ለጣፋጭ መጠጥ የለንም። በሉላዊው ዓለም ስለ ጤና ማበልፀግ የተጻፈው የ2005ቱ የባንኮክ ቻርተርም ቃል ኪዳን እንጂ ሕግ አይደለም።

ዛሬ ሁለት ረቂቆች ይቀርቡላችኋል። አንደኛው በንግድ ስምምነቶች ላይ የሚሠራ ቋሚ ኮሚቴ ማቋቋሚያ ነው። ሁለተኛው ማኅበራችን ከትምባሆ፣ ከአልኮልና ከጣፋጭ መጠጥ አምራቾች ማንኛውንም ድጋፍ እንዳይቀበል የሚከለክል ነው። በሁለተኛው ላይ የሐሳብ ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ፤ ገንዘቡም እንደሚጎድለን አውቃለሁ። ቢሆንም ኪራዩን እነርሱ በከፈሉልን አዳራሽ ተቀምጠን በምርታቸው ላይ ቀረጥ ይጣል ብንል ማንም አያምነንም። የምትቃወሙም ሐሳባችሁን ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ ውሳኔው የሁላችን ነው።

ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።