ማን ተነኮሰ? ማን ቆሰቆሰ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ለዛሬው የእንግሊዝኛ ሰዓታችን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የንዴት ሆነዋል። ያናደደ፣ የተነኮሰ፣ ጠብ የጫረ ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ነው ነገሩ።

ከሜሪላንድ የደወሉ እናት፦ ከልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ልጄ ጠቡን «ኢንስቲጌት» አድርጓል ይላል። ቀድሞ የተማታው እሱ ነው ማለት መስሎኝ ተቆጣሁት። እሱ ግን «እጄን አላነሳሁም» ብሎ ድርቅ አለ።

መልስ፦ ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኢንስቲጌት ያደረገ ማለት ጠቡን የጫረ ማለት ነው። ሁለት ልጆች አጋጭቶ ዳር ቆሞ የሚያይም ኢንስቲጌት አድርጓል ይባላል። ቀድሞ መምታቱን ቃሉ አይናገርም።

«ፕሮቮክ» ቢል ኖሮ መተንኮስ ነው። የሚቆጣውም፣ አጸፋ የሚመልሰውም ራሱ የተተነኮሰው ሰው ነው። ጠብ ያለሽ በዳቦ እያለ የሚዞር ልጅ ሥራው ይሄ ነው። «ኢንሳይት» ግን ሌሎችን ለድርጊት ማነሳሳት ነው፤ ብዙ ጊዜም ለጥፋት። ልጅዎ አንዱን ልጅ ሰድቦ ካስቆጣው ፕሮቮክ አደረገ። ጓደኞቹን ሰብስቦ «በሉት! በሉት!» ካለ ኢንሳይት አደረገ።

እዚያው አሜሪካ ፍርድ ቤት ስንገባ ልዩነቱ ከባድ ነው። ክፉኛ ተተንኩሶ፣ ደሙ ሳይበርድ ነፍስ ያጠፋ ሰው ክሱ ከግድያ ወደ ቀለለ ወንጀል ሊወርድለት ይችላል። መተንኮሱ የሚጠቅመው እንግዲህ ተተንኳሹን ነው። ኢንሳይት ሲሆን ተጠያቂው ቀስቃሹ ራሱ ነው። ያም ሆኖ በቀላሉ አይከሰስም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 በብራንደንበርግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ንግግሩ ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ለማስነሳት የታለመና ያንንም ሊያስከትል የሚችል መሆን አለበት።

ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። ልጅዎ ምን እንዳለና ምን እንዳደረገ ትምህርት ቤቱ በዝርዝር ይንገርዎት። በአንድ ቃል ልጅ አይቀጣም።

ለፈተና የሚዘጋጅ ወጣት፣ ከአዲስ አበባ፦ አኖይ፣ ኢሪቴት፣ ኤግዛስፐሬት፣ አግራቬት። መዝገበ ቃላቴ አራቱንም «አናደደ» ይላቸዋል። ልዩነት አላቸው እንዴ?

መልስ፦ አላቸው። አኖይ ቀላሉ ነው፤ የጎረቤት ሙዚቃ ይበቃዋል። ኢሪቴት ነዝናዛ ነው፣ ቆዳም ላይ ይሠራል። ሳሙና ቆዳዬን ቆጠቆጠኝ፣ አሳከከኝ ለማለት ፈረንጅ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ኤግዛስፐሬት የሚመጣው ትዕግስት ሲያልቅ ነው። አሥር ጊዜ ነግረኸው አሥራ አንደኛውንም ያጠፋ ልጅ እናቱን ምርር ያደርጋታል፤ ያ ነው።

አግራቬት ላይ ቆም በል። ሥሩ በላቲን «ከባድ» የሚለው ቃል ስለሆነ፣ ዋናው ትርጉሙ ማባባስ ነው። ሩጫ የጉልበት ሕመምን ያባብሳል፤ ዶክተር ይህን ሲል የተናደደ ሰው የለም። «አናደደ» የሚለው ትርጉምም ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። ሆኖም ጥንቁቅ ነን የሚሉ አርታኢዎች እስከ ዛሬ ፊታቸውን ያጠቁሩበታል። እኔ በወሬ መሀል ምንም አይለኝም። ፈተና ላይ ግን ለማባባስ ብቻ ተጠቀምበት።

በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካ ዜና ላይ «አግራቬትድ አሶልት» ስትሰማ በንዴት የተፈጸመ ድብደባ እንዳይመስልህ። መሣሪያ ስለተያዘበት ወይም ከባድ ጉዳት ስላደረሰ ከተራው የከበደ ጥቃት ማለት ነው።

ከዱባይ፣ የቤት ሠራተኛ ነኝ ያለች አድማጭ፦ ኢንሴንስ እጣን አይደል? እመቤቴ «አይ አም ኢንሴንስድ» አለችኝ፤ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እጣንም ነው፣ ንዴትም ነው። ሁለቱም የመጡት ማቃጠል ከሚል የላቲን ግስ ነው። እጣኑን ስትጠሪ ድምፅሽን መጀመሪያው ክፍል ላይ ታጠብቂያለሽ፤ ንዴቱን ስትጠሪ ሁለተኛው ላይ። ቀላል ንዴት ግን አይደለም። ተበደልኩ፣ ተናቅሁ ያለ ሰው እርር ሲል ነው። ያን ቀን እመቤትሽ ክፉኛ ተቆጥታ ነበር።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ በጽሑፍ የደረሰን፦ ኢንሬጅና ኢንፊውሪየትስ?

መልስ፦ እነዚህን ለመለየት አትድከሙ። ሁለቱም ማስቆጣት ብቻ ሳይሆን ማሳበድ ናቸው። «የሚያሳብድ ነገር» ለማለት ከፈለጋችሁ ግን ኢንፊውሪየቲንግ በሉ። ኢንሬጂንግ ብዙም አይሰማም።